የጎረቤቴ ንጉሥ

እኔ ጠመኔ ጥዬ መሪ ከጨበጥኩ ብዙ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ። አገር ቤት ሳለሁ ደብረ ታቦር ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበር። ዛሬ ከሂዝሮ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ መሐል ለንደን ሰው እያመላለስኩ እተዳደራለሁ። በዚህ ገጽ የሚወጣውን ጽሑፍ ሁሉ ደንበኛ ስጠብቅ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ አነባለሁ፤ ጽፌ ግን አላውቅም። አሁን አንድ የምለው ነገር ስለተገኘ ቦታ ስጡኝ። ነገሩ ስለ አንድ የህንድ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። እባካችሁ አትሳቁ።

የህንድ ፊልም ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በልጅነታችን በየከተማው ሲኒማ ቤት ያየነው ዘፈንና ልቅሶ ነው። እኔም ከዚያ የተለየ ግምት አልነበረኝም። የምኖረው ሳውዝሆል ነው። ሰፈሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ፑንጃቢው የሚሰማበት ሰፈር ነው። ጎረቤቴ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በታክሲ ሥራ የጨረሱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሽማግሌ። እኔ “ፓጂ” እላቸዋለሁ። በእነሱ ቋንቋ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው። ለንደን እንደገባሁ የከተማውን መንገድ ያስጠኑኝ እሳቸው ናቸው። ቤተ መቅደሳቸው ወስደው ያለ ክፍያ ለመጣ ሁሉ የሚቀርበውን ምሳ ያበሉኝም እሳቸው ናቸው። መሬት ላይ ተቀምጬ ምስሩን በቂጣ ስበላ የሰንበቴ ቤት ትዝ ብሎኝ እንባዬ መጥቶ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ልጆቻችን የሚያውቁት እሱን ስለሆነ ነው) ላይፍ ኦኬ የሚባል የህንድ ጣቢያ “ሼር-ኤ-ፑንጃብ፡ ማሃራጃ ራንጂት ሲንግ” የሚል ተከታታይ ድራማ ጀመረ። የፑንጃብ አንበሳ ማለት ነው። ሲንግ የሚለው ስምም ራሱ አንበሳ ማለት መሆኑን ፓጂ ሲነግሩኝ፣ እኛም የአንበሳ ነገር እንደማያጣን ነገርኳቸው። ከሰባት ዓመት ቀደም ብሎ በ2010 ስለዚሁ ንጉሥ ሌላ ተከታታይ ድራማ በህንድ መንግሥት ቴሌቪዥን ቀርቦ ነበር፤ ያሠራው ተዋናዩ ራጅ ባባር ነው። ፓጂ ሁለቱንም ሳያሰልሱ ነው ያዩት። ማታ ማታ ቤታቸው ስገባ አያት፣ ልጆች፣ የልጅ ልጆች ሁሉ ከአንድ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለው አገኛለሁ። ሄል የገባበት የወተት ሻይ ይቀርብልኛል፤ ፓጂ እየተረጎሙልኝ አያለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ላይ አስቆኝ ነበር። አንድ ሰው አንድ ነገር ሲናገር የሁሉም ፊት በተራ በተራ ይታያል፤ ሙዚቃው ይጮኻል፤ ሻይዬን ጨርሼ ስመለስ ገና ያው ሰው እያፈጠጠ ነው። የመምህርነት አመሌም አልተወኝም። ራንጂት ሲንግ በ1780 ተወልዶ በልጅነቱ ፈንጣጣ ግራ ዓይኑን ያጠፋው ሰው ነው። ያዩት ሁሉ ቁመቱ አጭር፣ መልኩም የማያምር እንደነበር ጽፈዋል። የድራማው ልጅ ግን እንደ መልአክ ያምራል። ይህን ለፓጂ ስነግራቸው ወደ ልጅ ልጆቻቸው ጠቆሙኝ። ትንሹ ትራስ ጎራዴ አድርጎ ወንድሙን እየወጋ ነበር። “ይህ ልጅ እዚህ አገር ነው የተወለደው” አሉኝ፣ “ፑንጃብን አይቶ አያውቅም። ስለ ዓይኑ ሲያድግ ያነባል፤ መጀመሪያ ግን ይውደደው።”

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ራንጂት ሲንግ አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት የአንድ ትንሽ ግዛት አለቃ ሆነ። ፑንጃብ ያን ጊዜ በብዙ አለቆች ተከፋፍላ እርስ በርስ የምትዋጋ አገር ነበረች፤ የእኛን ዘመነ መሳፍንት አስቡ። በ1799፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ ላሆርን ያዘ። በ1801 ማሃራጃ ተባለ። የናፖሊዮን ወታደሮች የነበሩ አውሮፓውያን መኮንኖችን ቀጥሮ ሠራዊቱን አሠለጠነ፣ መድፍ አሠራ። የውጭ ጉዳዩን የያዘለት ፋቂር አዚዙዲን የሚባል እስላም ነበር። ከእንግሊዞች ጋር በ1809 አምሪትሳር ላይ ውል ተዋውሎ፣ እስኪሞት ድረስ ሳይነኩት በ1839 በአልጋው ላይ ሞተ።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው የገባኝ። እኔ በድራማው ስስቅ የነበርኩት ሰው አንድ ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ ስለ ራንጂት ሲንግ እያሰብኩ ሳይሆን ስለ ካሣ ኃይሉ እያሰብኩ ራሴን አገኘሁት። አባት የሞተበት ልጅ፣ የተከፋፈለች አገር፣ የውጭ ባለሙያ ሰብስቦ መድፍ ማሠራት... ይህን ታሪክ እኔ ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ!

እንዴት እንዳስተማርኩትም ልናገር። ደብረ ታቦር ለሚያውቅ ጋፋት በእግር የሚደረስ ቦታ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚሲዮናውያኑን የእጅ ባለሙያዎች አስፍረው መድፍ ያሠሩበት መንደር ማለት ነው። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተሠራው እዚያ ነው። በ1867 ጥቅምት ላይ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ሲነሡ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ወራት ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም ያለው እዚያው ነው። ይህ ሁሉ ከክፍሌ መስኮት ማዶ ያለ ነገር ነበር። እኔ ግን ሰሌዳ ላይ “የዐፄ ቴዎድሮስ አወዳደቅ ምክንያቶች” ብዬ ጽፌ አምስት ነጥብ አስቆጥር ነበር። ፈተናውም “ዘርዝሩ” ነው። ተማሪዎቼ ጎበዞች ነበሩ፤ አምስቱንም ይዘረዝራሉ። ሰውየው ግን ክፍላችን ውስጥ ሳይኖር ሞተ። ጋፋትን ያሳየኋቸው በሰባት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውንም ዝናብ አቋረጠው።

አሁን ወደ 2018 ላምጣችሁ። በዚያ ዓመት የመቅደላ ጦርነት 150ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ ሳውዝ ኬንዚንግተን ያለው ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም “መቅደላ 1868” የሚል ትርኢት ከፍቶ ነበር። ብዙዎቻችሁ ሄዳችኋል። እኔ ልሄድ መሆኑን ለፓጂ ስነግራቸው “እኔም እዚያ የማሳይህ አለኝ” አሉ። ልጄ ያን ጊዜ አምስት ዓመቷ ነበር፤ እሷን አዝዬ፣ እሳቸው ሰማያዊ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ ሦስታችን በእኔ መኪና ሄድን። መኪና ማቆሚያ የተከፈለው ገንዘብ እስካሁን ይቆጨኛል።

መጀመሪያ የወሰዱኝ የራንጂት ሲንግ ዙፋን ጋ ነው። በወርቅ ቅጠል የተለበጠ፣ እንደ ውሃ አበባ ቅጠሉ የተነጠፈ መቀመጫ ነው። እንግሊዞች ፑንጃብን በ1849 ሲይዙ ነው የወሰዱት። ፓጂ ጫማቸውን ሊያወልቁ ምንም አልቀራቸውም። ዝም ብለው ቆሙ። ቀጥሎ እኔ ወደ ዘውዱ ወሰድኳቸው። በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዐፄ ኢያሱ ዘመን ተሠርቶ ለጎንደር ቁስቋም እንደተሰጠ የሚነገርለት የወርቅ ዘውድ ነው። ከመቅደላ የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ እንዳስፈለገ ነገርኳቸው። ከዚያም የታሪክ መምህር ነኝና ያወቅሁትን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። የጄኔራል ናፒየር ጦር አብዛኛው ከህንድ የመጣ ነበር። በሚያዝያ 10 ቀን 1868 አሮጌ ሜዳ ላይ የቴዎድሮስን ጦር ከመከቱት አንዱ 23ኛው የፑንጃብ ፓዮኒርስ ነው። ሲኮች ናቸው። ዙፋናቸው ከተወሰደ ገና 19 ዓመቱ ነበር።

ፓጂ ለረጅም ጊዜ አልመለሱልኝም። ልጄ ጀርባዬ ላይ ተኝታለች። በመጨረሻ “ይህ ክፍል በእኛ ድራማ ውስጥ የለም” አሉኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ብዙ አወሩኝ። አባታቸው የራንጂት ሲንግን ታሪክ ሲያወሩላቸው ሁልጊዜ 1839 ላይ ያቆሙ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው አይወራም። ንጉሡ በሞተ በአራት ዓመት ውስጥ ወራሾቹ በየተራ አለቁ፤ ቤተ መንግሥቱ እርስ በርሱ ተጋደለ። በ1843 አልጋው ላይ የተቀመጠው ዱሊፕ ሲንግ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበር። ሁለት ጦርነት ተደርጎ አገሪቱ ስትያዝ አሥር ዓመቱ ነበር፤ ኮሂኑር የተባለውን አልማዝ በውል አስፈረሙት። እናቱን ለዩበት። በ1854 እንግሊዝ አገር አመጡት፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ወደደችው፣ ሥዕሉን አሣለችው።

እዚህ ላይ እኔ መሪዬን ይዤ “ኧረ ፓጂ!” ብዬ ጮህኩ። ምክንያቱን እናንተም ታውቁታላችሁ። የእኛም ልጅ አለማየሁ አለ። በሰባት ዓመቱ አባቱ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ሲወሰዱ ትግራይ ላይ ታመው ሞቱና ጨለቆት ተቀበሩ። የእኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ የሚሉት ካፒቴን ስፒዲ ይዞት መጣ። ይህችው ንግሥት ወደደችው፤ ፎቶግራፉን ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አነሣችው። ራግቢ ትምህርት ቤት አስገቡት፣ ሳንድኸርስት አስገቡት። በኅዳር 14 ቀን 1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ አጠገብ ሳንባው ታሞ ሞተ። ዱሊፕ ሲንግ ረጅም ዕድሜ አግኝቶ እናቱን በ1861 መልሶ አገኛት፤ በ1893 ፓሪስ ሞቶ ሰፎክ ውስጥ ኤልቭደን የሚባል መንደር ተቀበረ። አለማየሁ ግን የሚመለስበትም የሚመለስለትም አልነበረም። የተቀበረው ዊንዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት አጠገብ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ እሁድ ደንበኛ ዊንዘር አድርሼ ስመለስ ገባሁ። እሁድ ለጎብኚ አይከፈትም፤ ለጸሎት የመጣ ግን ይገባል። አንድ አስተናጋጅ ሽማግሌ ጠየቅኋቸው፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የነሐስ ሰሌዳ አሳዩኝ። እንግዳ ሆኖ የመጣን ስለ መቀበል ከማቴዎስ ወንጌል የተወሰደ ቃል ተጽፎበታል። ቃሉን እዚያ ቦታ ማንበብ ምን እንደሚመስል ሄዳችሁ ካላያችሁት አልነግራችሁም። የአባትየው የፀጉር ዘለላ በ2019 ከለንደኑ የጦር ሠራዊት ሙዚየም አገሩ ገባ፤ የልጁን አፅም በተመለከተ ግን ቤተ መንግሥቱ በ2023 የሌሎችን አፅም ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የማውቅ አባት ነኝ። ልጄ ግን አታውቅም ነበር። አሁን ወደ አሳፈረኝ ነገር መጣሁ።

ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። በትምህርት ቤቷ፣ በጥቅምት ወር የጥቁር ሕዝቦች ታሪክ ሲከበር፣ ሁሉም ከወላጆቹ አገር አንድ ሰው መርጦ ለክፍሉ እንዲናገር ታዘዘ። የፓጂ የልጅ ልጅ፣ ያቺ ከእሷ ጋር የምትማረው፣ ከዚህ ቀደም ስለ ራንጂት ሲንግ ተናግራ አጨብጭበውላታል፤ አንድም ወረቀት አልያዘችም፣ ከድራማው ነው የምታውቀው። ልጄ መጣችና በእንግሊዝኛ “አባ፣ እኛስ ድራማ አለን?” አለችኝ።

ስለ ቴዎድሮስ ስንት ነገር አለን! የአቤ ጉበኛ “አንድ ለናቱ” አለ፣ የብርሃኑ ዘሪሁን “የቴዎድሮስ እንባ” አለ፣ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔት አለ፣ የጌትነት እንየው “የቴዎድሮስ ራዕይ” መድረክ ላይ ታይቷል። ነገር ግን አማርኛ ማንበብ ለሚከብዳት፣ ሳውዝሆል ሶፋ ላይ ለተቀመጠች ልጅ ምን ላሳያት? “እኔ አስረዳሻለሁ” ብዬ አስቀመጥኳት። ወገኖቼ፣ ምን እንዳደረግሁ ገምቱ። የአወዳደቁን ምክንያቶች ከአንድ እስከ አምስት ነገርኳት! ሦስተኛው ላይ ስደርስ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነበር። በኋላ ስለ አንድ አሜሪካዊ ስፖርተኛ ተናግራ መጣች። ምንም አላልኳትም፤ ያን ሌሊት ግን ሥራ ላይ ሆኜ አንድ ደንበኛ በተሳሳተ ተርሚናል አወረድኩ።

ፓጂ ይህን ሲሰሙ “አንተ እኮ ከመጨረሻው ጀምረህ ነው” አሉኝ። እነሱ ከመውደቁ በፊት ያቆማሉ፤ እኛ ደግሞ ከመውደቁ እንጀምራለን። ሴባስቶፖልን፣ ሽጉጡን፣ መቅደላን ሁሉም ሐበሻ ያውቃል። ካሣ አሥር ዓመት ሲሆነው የት እንደነበረ ስንቶቻችን እንናገራለን?

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን ቤተ ክርስቲያን ወደሚሰጠው የአማርኛ ትምህርት አደርሳታለሁ። በኤ40 መንገድ፣ መንገዱ ከቀና አርባ ደቂቃ ነው። አንድ ቅዳሜ ሬዲዮውን ዘጋሁና ምንም ሳልላት ጀመርኩ። በአማርኛ። ሌሊት ነው፤ ጨንከር ተክለ ሃይማኖት የሚባል ገዳም ውስጥ ልጆች ተኝተዋል። ከመካከላቸው አንዱ ከቋራ የመጣ ነው፣ አባት የለውም፤ እናቱ ጎንደር ከተማ ኮሶ ትሸጣለች እየተባለ ይወራል። (“ኮሶ ምንድን ነው?” አለች፤ ስነግራት ቡና ልታስተፋኝ ነበር በሳቅ።) ከውጭ የፈረስ ኮቴ ይሰማል። ወታደሮች ናቸው። በሩ ይሰበራል። ልጁ ከእንቅልፉ ይነሣል... “ደረስን፣ ውረጂ” አልኳት።

“ከዚያስ?” አለችኝ። በአማርኛ!

“የሚቀጥለው ቅዳሜ” አልኳት። ድራማው ያስተማረኝ ይህን ነው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜን የምትጠብቀው እሷ ናት። ልጁ ከገዳሙ ማምለጡን፣ ዘመዱ ደጃዝማች ክንፉ ዘንድ ማደጉን፣ ሸፍቶ ቋራ በረሃ መግባቱን ነገርኳት። ተዋበችን ሲያገባ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። ከሁሉ የወደደችው የላሟን ነገር ነው። በ1848 ደባርቂ ላይ የግብፅ ጦር በመድፍ መትቶት ቆስሎ ይመለሳል፤ ሐኪሙ የሰባ ላም ያስፈልገኛል ይላል። ላም የለውም። ወደ ሚስቱ አያት ወደ እቴጌ መነን ይልካል፤ እቴጌይቱም ለእሱ ማዕረግ ሙሉ ላም አይገባውም ብለው አንድ ብልት ሥጋ ላኩለት ይባላል። ተዋበች ይህን ስድብ አይታ ባሏን እንዲሸፍት እንደገፋፋችው ይተረካል። ልጄ ወንበሩን በእጇ መታችው። በጉር አምባ፣ በአይሻል በኩል አልፈን በየካቲት 1855 ደረስጌ ማርያም ደረስን፤ ደጃዝማች ውቤ አሠርተውት በነበረው ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤን ድል አድርጎ፣ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ጫነ።

ዘውዱን ከጫነበት ቅዳሜ ጀምሮ አንድ ችግር ገጠመኝ። ሳላስበው አነጋገሬ ተለወጠ፤ “ሄዱ፣ አዘዙ፣ ተናገሩ” ማለት ጀመርኩ። ልጄ ግራ ገብቷት “ከማን ጋር ነው የሄዱት?” አለችኝ። ንጉሥ ስለሆኑ ነው፣ አንድ ሰው ናቸው ብዬ አስረዳኋት። “ታዲያ ያው ካሣ አይደለም?” አለች። ያው ካሣ ነው አልኳት።

መንገዱ እዚህ ድረስ ቀና ነበር። ቀጥሎ ያለውን ለብዙ ቅዳሜ ሳዘገየው ቆየሁ። ስለ ጋፋት አወራሁላት፣ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ተልኮ መልስ ስላጣው ደብዳቤ አወራሁላት፤ ታሪኩ የሚያልቅበትን እያወቅሁ ጊዜ ገዛሁ። ፓጂን ብጠይቃቸው “እኔ ብሆን ደረስጌ ላይ አቆም ነበር” አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ “ግን የአባቴ ዝምታ አልጠቀመኝም። ዱሊፕ ሲንግን ያወቅሁት ለንደን ከመጣሁ በኋላ፣ ከእንግሊዝ መጽሐፍ ነው” አሉ።

እኔ የደብረ ታቦር ሰው ነኝ። አያቴ ስለ ቴዎድሮስ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። በ1866 ጎንደር ተዘርፋ አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጥለዋል። ያን ሙዚየም ውስጥ የቆምኩለት ዘውድ ወደ መቅደላ የሄደው እንግሊዞች ከመምጣታቸው በፊት ነው። በ1867 ንጉሡ ሴባስቶፖልን ይዘው ሲነሡ ደብረ ታቦርም ነደደች። በሚያዝያ 9 ቀን 1868 ደግሞ እስላምጌ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ እስረኞች ተገድለው ገደል ተጣሉ። ተማሪዎቼን ይህን ስንቴ አዘለልኳቸው!

ባለፈው ቅዳሜ ነገርኳት። በግማሽ መንገድ ላይ ነበርን፤ ትራፊኩም ቆሞ ነበር። ስለ ጎንደር ስጀምር አንደበቴ ተመልሶ “አቃጠለ፣ ዘረፈ፣ ገደለ” አለ። እኔ ልብ አላልኩትም፤ ልብ ያለችው እሷ ናት። “አባ፣ ‘አቃጠለ’ አልክ። ንጉሥነታቸው ቀረ?” አለችኝ። እንደ መምህር መልስ ፈለግሁ፣ አላገኘሁም። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። አልቀረም አልኳት። “ታዲያ ገዳሙ ውስጥ የነበረው ልጅ፣ ወታደሮች የመጡበት ልጅ፣ እሱ ነው?” አለች። አዎ፣ እሱ ነው አልኳት። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ አልተናገረችም። ስትወርድም “ከዚያስ?” አላለችኝም። ጠፋችብኝ ብዬ ሆዴ ባባ፤ ሰዓት ደርሶ ልወስዳት ስመለስ ግን በሩን ሳትዘጋው “ልጅ ነበራቸው?” አለች።

አለማየሁ የሚባል አሥራ ስምንት ዓመት ሳለ የሞተ ልጅ እንደነበራቸው፣ ያለውም ከቤታችን የግማሽ ሰዓት መንገድ እንደሆነ ነገርኳት። ልየው አለች። የፊታችን እሁድ ሥራ አልገባም ብያለሁ። ፓጂም ከእኛ ጋር ሊመጡ ነው፤ ሌላ ቀን ደግሞ ኤልቭደን ሊወስዱን ቃል ገብተዋል። ነዳጁን እኔ እችላለሁ፣ የመኪና ማቆሚያውን ግን እሳቸው ይከፍላሉ ተባብለናል።